ሠርኬ ወንጪን ልታይ የሄደች ዕለት

ዘውገ መዋሸት አይችልበትም። ሸማ ተራ ክር ለሚሸጥ ሰው ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። አንዲት ደንበኛ «ይሄ ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል እንዴ?» ብላ ከጠየቀችው፣ «ኧረ በፍጹም» ከማለቱ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሚስቱ ሠርኬም ከክሩ ክምር ቀና ሳትል «እህቴ፣ ይለቃል፤ ሌላ ልስጥሽ» ትላለች። ጎረቤት ነጋዴዎች በዚህ ሲስቁባቸው ኖረዋል። ደንበኛ ግን ጠፍቶባቸው አያውቅም።

ዋጋው የእሱ፣ ቀለሙ የእሷ ነበር። ሸማኔ የጥለት ክር ፍለጋ ቁራጭ ጨርቅ ይዞ ከች ሲል፣ ለዘውገ አረንጓዴ ሁሉ ያው አረንጓዴ ነው። እሷ ግን «ይሄ ቅጠልያ ነው፤ ያ የወይራ፤ ይቺ ደግሞ የጠርሙስ» እያለች ከመደርደሪያው ትመዝዛለች። አምና ክረምት ለአንድ ሽማግሌ ሸማኔ በአረንጓዴ ፋንታ ሰማያዊ እስክትሰጥ ድረስ ተሳስታ አታውቅም። ሽማግሌው በሳቅ አለፉት፤ የዘውገ ልብ ግን ፍርሃት ገባው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ! ሐኪም ቤት ሲወስዳት ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። የሞተው ነርቭ አይመለስም፤ የቀረውን ጠብታው ትንሽ ቢያቆየው ነው። ሠርኬ አላለቀሰችም። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አለችና፣

«ዘውገ፣ ተክለ ሃይማኖት ተወልጄ እዚሁ መርካቶ አረጀሁ። ያየሁት ቀለም ሁሉ ሰው የነከረው ነው። ሳይጨልምብኝ እግዜር የነከረውን አንድ ቀን አሳየኝ። ጡሩምባ የሌለበት፣ ጸጥ ያለ ቦታ ውሰደኝ» አለችው።

እሺ አላት። መስቀል ይለፍ፣ ገና ይለፍ፣ ገበያው ጋብ ይበል እያለ ግን ጊዜውን ፈጀው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የመርካቶ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ መሄድ ሞት ስለሚመስለው ነው። ዓይን ደግሞ ገበያ እስኪቀዘቅዝ አይጠብቅም።

በመጨረሻ ሶሊ የምትባል፣ ዱባይ ተራ ጫማ የምትሸጥ የጎረቤት ልጅ፣ በቴሌግራም ሰው አሰባስባ ርካሽ የደርሶ መልስ ጉዞ አዘጋጀች። ሚኒባስ በጋራ፣ ምሳ ከየቤት፣ መድረሻው ወንጪ ሐይቅ። ዘውገ ሱቁን ዘጋ። ጎህ ሳይቀድ ከአውቶቡስ ተራ ሲነሱ ሠርኬ እጅጌውን ይዛ ተሳፈረች፤ ጨለማ ስለነበር ምንም አልመሰለውም። መንገዱን ሁሉ ትከሻው ላይ ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ሄደች።

«አሳርፌው ልድረስ ብዬ ነው» አለችው።

ተራራው አፋፍ ላይ ከሚኒባሱ ሲወርዱ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሠርኬ ወደ ፊት አፍጥጣ ቆመች።

«ነጭ ነው። ዘውገ፣ ምንም አይታየኝም!» አለች።

«እትዬ ሠርኬ፣ ለማን ታየና!» አለች ሶሊ እየሳቀች። «ጉም ነው አቦ! እኔ ራሴ የቆምኩበት አይታየኝም።»

ሠርኬም ሳቀች። ከሐኪም ቤቱ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም። «ጉም ነው! ተመስገን፣ ጉም ነው» እያለች ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ወጣቶቹ ራቅ ብለው ቆሙ፤ ባልና ሚስቱ ዳቧቸውን ቆርሰው እየበሉ ጉሙ እስኪገፈፍ ይጠብቁ ጀመር። ዘውገ ያን ያህል ደስ ብሎት አያውቅም። ደርሰናል፣ አልረፈደብንም ብሎ አሰበ።

ነፋስ መጣና ጉሙን ጠራረገው። ሐይቁ ከታች ብቅ አለ፤ መሀሉ ላይ ደሴቲቱ፣ ዙሪያውን ገደሉ፣ ከገደሉ ሥር የእንሰቱ ማሳ፣ ሁሉም ፀሐይ አርፎበት። ወጣቶቹ ጮኹ። ዘውገም በደስታ ወደ ሚስቱ ዞረ። ፀሐዩ ፊቷ ላይ ነው፣ ዓይኗ ክፍት ነው። እሷ ግን ዳቦዋን እያላመጠች ትጠብቃለች።

«ምን ሆነው ነው የሚጮሁት?» አለችው።

ዘውገ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ብርዱ ነው። ጉሙ ባሰበት።»

ሠርኬ ማላመጧን አቆመች። ዳቦውን ቀስ ብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ዛሬ እኔንም ደንበኛ አደረግኸኝ?»

እጇን ያዘ። ስላለፈው መስቀል፣ ስላለፈው ገና ይቅር በይኝ ሊላት ፈለገ። እንባውን እንደማታይ ሲያውቅ ይብሱን አነባ።

«ተወው በቃ» አለችው። «ይልቅ ቀለሙን ንገረኝ።»

«አረንጓዴ ነው፣ ሠርኬ። ሁሉም አረንጓዴ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ምን ዓይነት አረንጓዴ?»

ዘውገ ሐይቁን አየ፣ ገደሉን አየ፣ ደግሞ ሐይቁን አየ። ዕድሜውን ሙሉ ይህን የሚጠይቀው እሷን ነበር።