በጓሮው ቅያስ የገባችው ዘሀራ

ነገሩ የሆነው አምና ጥር ላይ ነው። ዓመት አለፈው፤ ከልቤ ግን አልወጣ ብሏል። ልጅቷን በዚያች ቅያስ ያስገባኋት እኔ ነኝና እንዴት ይውጣልኝ?

እኔ ሐይቅ ከተማ ባጃጅ እየነዳሁ የምኖር ሰው ነኝ። እኛ ሰፈር ቅያስ የምንለው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከአስፋልቱ የሚገነጠለው፣ ባጃጅ እንደምንም የሚያስገባው ነው። ልጆች ኳስ የሚጫወቱት፣ ሴቶች በርበሬ የሚያሰጡት፣ ሰርግም ለቅሶም ሲመጣ የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነው። ሌላ ሜዳ የት አለንና! ሁለተኛው በጓሮ በኩል፣ በሁለት የቆርቆሮ አጥር መሃል የሚያልፈው ነው። ቅያስ ካሉት ነው እንጂ ሰው አንድ በአንድ የሚሾልክበት ስንጥቅ ነው።

ያን ሰሞን ጎረቤታችን ጋሽ እንድሪስ በድንገት አረፉ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ያደግሁት ግን ከልጆቻቸው እኩል ገበታቸው ላይ ነው። ትልቋ ልጃቸው ዘሀራ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ሽማግሌዎቹ መከሩና "መርዶ በስልክ አይነገርም። በሰው አገር ብቻዋን ምን ትሆናለች? ስትመጣ ጧት፣ ሰው ደግፏት፣ በወጉ ይነገራታል" አሉ። ሁላችንም ተስማማን።

በቀብሩ ማግስት ከውጫሌ የሚመጡ ለቀስተኞችን ላመጣ መናኸሪያ ቆሜያለሁ። ከደሴ የመጣ ሚኒባስ ቆመ። ማን ቢወርድ ጥሩ ነው? ዘሀራ!

"ጋሽ ደምሴ!" አለች እየሳቀች። "ለማንም አልተናገርኩም፤ ድንገት ገብቼ ላስደነግጣቸው ነው። አባዬ ደህና ነው?"

"ደህና" አልኳት። ምን ልበል? መርዶ መንገድ ላይ አይነገር።

ሻንጣዋን እየጫንኩ ዘዴ አሰብኩ። የኔ ቤት በጓሮው ቅያስ በኩል ይገባል። እዚያ ከባለቤቴ ጋር አስቀምጬያት ሽማግሌዎቹን ልጠራ ነው። ሰፈር ስንደርስ ግን የድንኳኑን ጫፍ ከአስፋልቱ አየችው።

"ውይ፣ ሰርግ አለ እንዴ? የማን ነው?" አለች። ወሩ ጥር ነው፣ አይፈረድባትም።

"መንገዱ ተዘግቷል፤ በጓሮ እንግባ" ብዬ ባጃጁን በጓሮ በኩል አቆምኩ።

ቅያሷ ውስጥ እሷ ቀደመች። ልጅ ሆና የተሯሯጠችበት ነው፤ ታውቀዋለች። እኔ ሻንጣዋን ተሸክሜ ከኋላ ተከተልኩ። መሃል ላይ ስንደርስ ከቆርቆሮው ማዶ የሰው ድምፅ ተሰማ። ማዶው የነጋሽ እንድሪስ ጓሮ ነው፤ ለቀስተኞቹ ሴቶች የተቀመጡት አጥሩን ተጠግተው ኖሯል። እኔ ይህን አላሰብኩም። ዘሀራ "ሰርግማ ዝም ብዬ አላልፍም" አለችና እልልታዋን አቀለጠችው። "ተይ!" ያልኩት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ከማዶ አንዲት አሮጊት በቁጣ ጮኹ።

"ማናት እቴ፣ በእንድሪስ ለቅሶ እልል የምትል? አላህን አትፈራም?"

ዘሀራ ባለችበት ቆመች። እኔ ጀርባዋን ብቻ ነው የማየው። ልደግፋት ብዬ ሻንጣውን ሳወርደው በሁለቱ አጥር መሃል ተቀረቀረ። እሷም ወደ ኋላ አትመለስ ነገር፣ መንገዱን እኔና ሻንጣው ዘግተንባታል።

"ጋሽ ደምሴ" አለች ሳትዞር፣ "የኛ እንድሪስ ነው?"

"አብሽሪ እህቴ፣ አይዞሽ" አልኳት።

መውደቂያ እንኳ አልነበራትም። ግንባሯን ቆርቆሮው ላይ አስደግፋ "አባዬ! አባዬ!" ስትል እናቷ ድምጿን ለዩት። እሳቸው በዚያ በኩል፣ እሷ በዚህ በኩል ሆነው ቆርቆሮውን በእጃቸው እየደበደቡ አለቀሱ። በኋላ ወንዶቹ ደርሰው አጥሩን ገንጥለው ነው ያስገቧት።

አሮጊቷ እግሯ ላይ ወደቁ፤ ራሷ ብድግ አደረገቻቸው። ማንንም አልተቀየመችም፣ እኔንም ጭምር። ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር።

ወር ያህል ቆይታ ተመልሳ ስትሄድ መናኸሪያ ያደረስኳት እኔ ነኝ። መኪናው ሊነሳ ሲል እንዲህ አለችኝ።

"እናቴን አንድ ነገር ካገኛት በስልክ ንገረኝ። የዚያኑ ቀን። ብቻዬን ባለቅስም ግድ የለም። እንደዚያ እንደ አባዬ ግን አታድርጉብኝ። በግሸኗ ማርያም ማልልኝ።"

ማልኩላት።

ሽማግሌዎቹ ይህን አያውቁም። ቢሰሙ ወግ አፈረሰ ይሉኛል። እኔም ድሮ ብሆን እንደዚያው እል ነበር።

ከሳምንት ወዲህ እናቷ አልጋ ላይ ናቸው፤ እህልም እምቢ ብለዋል። ጧት ጧት ሥራ ከመውጣቴ በፊት አጥሩ ጋ ቆም ብዬ ሳላቸውን አዳምጣለሁ። ስሰማው እፎይ እላለሁ። አላህም እግዜርም ያን ቀን ያርቁልኝ። ከመጣ ግን እደውላለሁ፤ ማንንም አላማክርም።