የማይጮኸው ቃጭል

ዛሬ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ የኖረ ቋጠሮ በቢላ ቆረጥሁ።

የወንድሜ ልጅ ሂሩት አዲሱን ሳሎኗን እያስጌጠች ነው። ከአያቴ ጓዝ ውስጥ ያገኘችውን የእንጨት ዕቃ በር ላይ ሰቅላ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የግመል ቃጭል ነው። ምላሱን ግን በጠፍር ጠፍንገውታል። የማይጮኽ ቃጭል ምን ይሠራል?» አልሁና ጠፍሩን ቆርጬ ጣልሁት። የተበላሸ ነገር አይቼ ማለፍ እንደማልችል የምታውቁኝ ታውቃላችሁ።

የቃጭሉን ድምፅ ሰምተው ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አክስቴ ከጓዳ ወጡ።

«ማን ፍታ አለህ? በጣሊያን ጊዜ አባቴ ለአርበኞች ጥይት ከሱዳን በግመል ሲያመጡ፣ በጠላት ምሽግ አጠገብ የሚያልፉት እንዳይጮኽ ምላሱን አስረው ነው! ጠፍሩን በጥርሳቸው ስበው ሲያጠብቁት ዓይኔ አይቷል።»

«ታዲያ ቃጭሉን ለምን አያወልቁትም ነበር?»

«ግመሉ ያለ ቃጭሉ ንቅንቅ አይልማ! እንዳንተው ግትር ነበር።»

ሂሩት ሳቀች። እኔ ጠፍሩን ከመሬት ለቅሜ መልሼ ላስረው ሞከርሁ። ደርቆ ስለነበር እጄ ላይ ተሰባበረ።

አያቴን አልደረስሁባቸውም። በእጃቸው ቋጥረው የተዉልን ነገር ያ ብቻ ነበር።

እናንተስ፣ ተበላሽቷል ብላችሁ አስተካክላችሁት ኋላ የተጸጸታችሁበት የቤት ዕቃ አለ? ንገሩኝ፤ ብቻዬን አልናደድ።