ሻካራው መስመር

«ደጅህን ሳልፈው ቤቴ እየመሰለኝ…» ትላለች ውሃልክ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ይጠፋባታል፤ የቀረውን በ«እም… እም…» ትሞላዋለች። እናቷ ጓሮ ልብስ ሲያሰጡ ያንጎራጉሩት የነበረ ዜማ ነው። ግጥሙ ከሠፈሩ ጋር አብሮ የፈረሰ ይመስል ዛሬ እናትየውም አያስታውሱትም።

ውሃልክ ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ የምታነጥፈው ወለል በውሃ ልክ የተለካ ያህል አይዛነፍምና። ሴራሚክ አንጣፊ ናት። ተንበርክካ በጎማ መዶሻዋ ቸብ ቸብ ስታደርገው፣ ሕፃን የምታስተኛ እንጂ ወለል የምትሠራ አትመስልም።

አሁን የምትሠራበት ሕንፃ የቆመው የተወለደችበት ግቢ ላይ ነው። ሠፈሩ ሲነሣ ከተማው ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ከተፈቀደው በላይ ፎቅ መጨመር የፈለገ ባለሀብት፣ ከቤቶቹ ጥቂቱን እዚያው ሕንፃ ውስጥ አቅም ለሌለው ሰው በሚቻል ኪራይ ይስጥ፣ ቅድሚያውም ለተነሡት ይሁን የሚል። ሠራተኞቹ «የደንቡ ቤቶች» ይሏቸዋል፤ በጀርባ በኩል፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ዕጣ ሲወጣ የጥጉ ክፍል ለውሃልክና ለእናቷ ደረሰ።

እናቷ ዓይናቸው ደክሟል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ የሰው ፊት አይለዩም። የድሮውን ሠፈር ግን እግራቸው ያውቀዋል፤ ቁልቁለቱን፣ የወፍጮ ቤቱን ድምፅ፣ የጫማ ጠጋኙን ሰላምታ። አሁን ከተከራዩበት ሩቅ ክፍል ብቻቸውን ወጥተው አያውቁም። አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን ይጠብቃሉ። «እዚህ እኮ እግሬም ታወረ» ይላሉ።

ለዚህ ነው ውሃልክ የጥጉን ክፍል ስታነጥፍ ከበረንዳ የተረፈውን ሻካራ ሴራሚክ የለቀመችው። ከበሩ እስከ አልጋው ቦታ፣ ከአልጋው እስከ ውሃ ቧንቧው፣ በለስላሳው ወለል መሐል አንድ ሻካራ መስመር ዘረጋች። እናቷ ሲገቡ በባዶ እግራቸው እየዳበሱ እንዲሄዱበት ነው።

ሲሚንቶ የሚያቦካላት ወሬኛ ሰውዬ አለ፤ ሬዲዮ ነው የሚሉት። ሲያየው ጊዜ ሳቀ።

«ምነው ውሃልክ፣ ቤት ውስጥ መንገድ አወጣሽ? ታክሲ ልታሰማሪ ነው?»

«እናቴ ትሄድበታለች።»

«እንግዲያማ ትራፊክ አቁሚላት።»

እሷም ሳቀች። ያን ሰሞን መሳቅ ይቀናት ነበር።

ሙያውን ያስተማሯት ሽማግሌ ያወረሷት አንድ ወግ አለ፤ አንጣፊ ባነጠፈው ቤት ውስጥ ተቀምጦ አይበላም። መጀመሪያ ተቀምጦ የሚቆርሰው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ውሃልክ ስንቱን ሳሎን አሳምራ ምሳዋን ደረጃ ላይ ቆማ ነው የበላችው።

«ይሄማ ያንቺው አይደል? ግቢና ተቀመጪ» አላት ሬዲዮ።

«ከእናቴ ጋር እቀመጣለሁ።»

«ላም አለኝ በሰማይ» አለ ሬዲዮ፣ አካፋውን እያነሣ። ለቀልድ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፎርማኑ መጣ። እሷን ሳይሆን ወለሉን እያየ ተናገረ።

«የደንቡ ቤቶች ተዛውረዋል።»

«ወዴት?»

«ባለቤቱ ሌላ ቦታ ልሥራቸው ብሎ ተፈቀደለት። አውቶቡሱ ከሚያበቃበት ወዲያ፣ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ካባ ጋ።»

«ተሠርተዋል?»

«መሬቱ ገና አልተሰጠም።»

«ደንቡስ?»

«ደንቡማ አለ፤ ማን ነካው? በሌላ ቦታም ይቻላል የሚል አንቀጽ አለው።»

«እናቴን በዚያ ድንጋይ ካባ መሐል ማን ይመራታል፣ አለቃዬ?»

ፎርማኑ በጫማው ጫፍ ሻካራውን መስመር ነካ ነካ አደረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ከሩቅ የሚመላለስ ተከራይ ነው። «ይሄ ዕቃ ቤት ይሆናል» አለ በመጨረሻ። «ሻካራው ጋሪ ያስቸግራል ብለዋል። አንሺውና ለስላሳውን አንጥፊበት።»

«ሌላ ሰው ያንሣው።»

«ሌላ ሰው ካነሣው ጎን ያለውን ሁሉ ይሰባብረዋል። አንቺው ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። የገዛ እጇን ሥራ ተሰባብሮ ማየት አልቻለችም፤ ስለዚህ ራሷ ልታፈርሰው ተንበረከከች። ሹሉን ብረት መገጣጠሚያው ላይ አስደግፋ፣ ከበሩ ጀምራ፣ አንድ በአንድ። እናቷ ትናንት በተከራዩት ክፍል ውስጥ ጫማቸውን አውልቀው ከአልጋቸው እስከ በሩ ሲለማመዱ ነበር። «እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው» ብለዋት ነበር፣ እንደ ልጅ እየሳቁ። ማታ ምን ትላቸዋለች? ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ ውሃልክን ግን መጫኛውን ራሷን አስገምደዋት ነው የጣሏት።

የመጨረሻዋን ከውሃው ሥር ስታነሣ ብረቱ አዳለጣትና ጎን ያለችው ለስላሳ ተሰነጠቀች። በሙያዋ እንዲህ ያለ ስንጥቅ አታውቅም።

ሬዲዮ የምሳ ዕቃዋን ከደረጃው አንሥቶ አመጣላት። የተላጠውን መስመር አየ። «ብዪ እንጂ» ብሎ የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጦላት ሄደ።

ውሃልክ ምሳ ዕቃውን ይዛ ወደ ደረጃው ልትወጣ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ተመለሰች። እናቷ ይተኙበታል ያለችው ቦታ ላይ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ እግሯን በተላጠው ሲሚንቶ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች።

«ደጅህን ሳልፈው ቤቴ እየመሰለኝ…» አለች። የጎደለውን በ«እም» አልሞላችውም።

ዳቦውን ለሁለት ቆረሰች። የእናቷን ግማሽ በጨርቅ ጠቅልላ አጠገቧ አኖረችና፣ የራሷን ከቀዘቀዘው ድንች ጋር መብላት ጀመረች።