ገበሬው አባቴ

ኮሮና በገባበት ዓመት የልጄ ዩኒቨርሲቲ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ነበር። እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ግሮቭ ሲቲ ያለ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ፤ ሺፍቴ ከሰዓት በኋላ ስለሚጀምር ጠዋት ጠዋት ቤት ነኝ። እሷ ላፕቶፗን ከፍታ ስትማር እኔ ከጀርባዋ ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ ሳልፍም ስክሪኑ ላይ እንዳልታይ ጎንበስ እላለሁ። ልጄ ገና ሕፃን ሳለች እናቷ ስላረፈች ቤቱ የሁለታችን ብቻ ነው። የማይመለከተኝን ነገር መስማት ደግሞ ድሮም እወዳለሁ።

አንድ ሰሞን ክፍላቸው የህንድ ልብ ወለድ ማንበብ ጀመረ። ልጄ ምዕራፍ በጨረሰች ቁጥር ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ትተርክልኛለች። ታሪኩ የሞተ ከብት ቆዳ ከሚገፍፉ ሰዎች ስለተወለደች ልጅ ነው። ሂንዱዎቹ ጎረቤቶቻቸው እነሱን መንካት ያረክሳል ብለው ያምናሉ። የመንደሩ ሻይ ቤት ለአባቷ የሚሆነውን ጣሳ ውጭ ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቅሎታል። አባትየው ሲመጣ ጣሳውን ራሱ ያወርዳል፣ ባለ ሻይ ቤቱ ሳይነካው ከላይ ያንቆረቁርለታል፣ ጠጥቶ ሲጨርስ አጥቦ ይሰቅለዋል። ልጅቷ ከተማ ገብታ ተማረች፣ አስተማሪም ሆነች። ከላይኛው ዘር የሆነ የብራህማን ልጅ ወደዳት። የልጁ ወላጆች የሰለጠኑ ናቸውና እሺ አሉ። ብቻ ለሠርጉ ቀን አባቷ የድሮ ዘበኛችን ነው ተብሎ ከኋላ እንዲቆም ለመኗት። እሷም እሺ አለች። አባትየውም ዘበኛ ሆኖ ልጁን ዳረ።

ልጄ እዚያ ስትደርስ መጽሐፉን ሶፋው ላይ ወረወረችው።

«ሃው ኩድ ሺ፣ ዳድ? የገዛ አባቷን!»

ቤቱን እየዞረች ተንጨረጨረች፣ አለቀሰችም። እኔ ግን የማስበው ስለዚያ ጣሳ ነበር።

በመጽሐፉ ላይ የተወያዩ ዕለት ሁሉም ተናደዱ። ስክሪኑ ላይ በየሳጥኑ ውስጥ ያሉት ፊቶች ተራ በተራ ሰው እንዴት ሰውን አልነካም ይላል እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመካከላቸው አንዲት ህንዳዊት ነበረች። ወሬው እንደተጀመረ ካሜራዋን አጠፋች፤ ሳጥኗ ጥቁር ሆኖ ቀረ። አስተማሪዋ በደግነት አስተያየቷን ጠየቀቻት። መልስ የለም። ልጄ ወደ እኔ ዞር ብላ ኢንተርኔቷ ተቋርጦ ይሆናል አለችኝ። እኔ ቢላዬን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ከየትኛው ወገን እንደሆነች አላወቅኩም፤ አልነካም ከሚለውም አይነካም ከተባለውም ወገን ብትሆን ሊያሳፍር ይችላል። ግን እንዲህ መጥፋትን አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ሳለሁ ሰዎች በእኛ ቢጤ መቀለድ ሲጀምሩ ስልክ ልደውል ብዬ ስንት ጊዜ ከወንበሬ ተነስቻለሁ።

ያን ዕለት ለልጄ ነገርኳት። አያትሽ ቀጥቃጭ ነበር አልኳት። እኛ ልጆቹ ወናፍ እየነፋን፣ እሱ ብረት እያጋለ፣ ለአገሩ ሁሉ ማረሻና ማጭድ የሚሠራው እሱ ነበር። ዕቃውን ይወስዱና እህሉን ከአጥራችን ሥር አስቀምጠው ይሄዳሉ እንጂ ቤታችን ገብተው ውሃ አይጠጡም። እሱ በመንገድ ሲያልፍ እናቶች ምግባቸውን ይከድናሉ፣ ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ይስባሉ። መሬት አልነበረንም፤ ማረሻ የሚሠራ ሰው ርስት አይሰጠውም ነበር።

ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የመጽሐፉን ጽሑፍ ስትሠራም ስለ አያቷ ጨምራ ጻፈችና በክፍሉ ፊት አነበበችው። ኤ አገኘችበት። የአባቴ ሙያ በአደባባይ ሲነገር በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ኮራሁ። ፈራሁም።

በሚቀጥለው ዓመት አንድ ልጅ ይዛ መጣች። የአገራችን ልጅ ነው፣ ሉዊስ ሴንተር ያደገ፣ ነርስ። ማስኩን እስከ ዓይኑ ሥር ስቦ በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ቴስት አድርጌያለሁ፣ ልግባ?» ሲለኝ ወደድኩት። ስለ ነገር ሁሉ ይጠይቀኛል፣ መልሱንም ያዳምጣል፤ ይህ ለአማች ከበቂ በላይ ነው። ለመጋባት ሲወስኑ አባቱ ደወለልኝ። የጤናውን፣ የሥራውን፣ የአየሩን አወራን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወንድሜ፣ ልጆቹ ሁሉን ነግረውናል። ስለ አባትዎ።»

«አዎ» አልኩ።

«በእኛ በኩል ምንም ችግር የለም። አሜሪካ ተቀምጦ ማን አጥንት ይቆጥራል? እናቴ ናት እንጂ። አገር ቤት ናት፣ አርጅታለች፣ ግፊትም አለባት። ቅዳሜ በቪዲዮ ታናግርዎታለች፣ መጠየቋም አይቀርም። ገበሬ ነበሩ ብንላት ምን ይጎዳል?»

«እስቲ ላስብበት» አልኩት። ጨዋነቴ አይጣል ነው፤ ስድቡ የመጣልኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ሰውየው ቢጮህብኝ፣ ዘርህን አንፈልግም ቢለኝ እንዴት እንደምመልስለት አውቅ ነበር። በትሕትና ለሚለምን ሰው ግን ምን ይባላል?

ለልጄ የነገርኳት ክሊንተንቪል ዕቃ ገዝተን ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው። ትቆጣለች ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተስፋ አድርጌ ነበር። መጽሐፉን እንደወረወረችው ሁሉ ይህንንም ትወረውረዋለች ብዬ። እሷ ግን አስቀድማ ታውቅ ኖሯል። መስኮቱን እያየች ለስለስ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«ኢት ኢዝ ጀስት ዋን ዎርድ፣ ዳድ።»

«ያቺን የመጽሐፉን ልጅ ምን ብለሻት ነበር?»

«ዛት ዋዝ አ ቡክ» አለች። «ደግሞ እሷ አባቷን ዘበኛ ነው ያደረገችው። እኔ አንተን ምንም አላደረግኩህም። ገበሬ ምን ነውር አለው?»

«ነውር የለውም። ነውሩ ያለው ቀጥቃጭ ላይ ነው ማለት ነዋ።»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«ምን አልሽ ታዲያ?»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነችና «አይ ላቭ ሂም» አለች። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ያሉት ጥሩምባ እስኪነፉብኝ ቆሜ ቀረሁ። እሷ ስታለቅስ ማየት አልችልም፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ይህ የኔ ድካም ነው። በአባቴና በልጄ መካከል አንዱን ምረጥ ቢሉኝ ደግሞ አባቴ ሞቷል፣ እሷ አለች። እንዲህ ብዬ ራሴን አባበልኩ፣ ግን አልተባበልኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሉዊስ ሴንተር ስንነዳ ምን እንደምል ገና አልወሰንኩም ነበር። ልጄም አልጠየቀችኝም። ቤታቸው ሰፊ ነው፣ ሰዎቹም ክፉ አይደሉም፤ የልጁ እናት በር ድረስ ወጥታ ተቀበለችን፣ ከገዛ ሳህኗ አጎረሰችኝም። ጉርሻውን ስቀበል ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ በርበሬው ነው አልኩ። እንግዲህ የሚነኩኝ ሰዎች ናቸው። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው።

ታብሌቱን የፍራፍሬ ሳህኑ ላይ አስደግፈው ደወሉ። ነጭ ነጠላ የለበሱ፣ ፊታቸው የጠራ አሮጊት ብቅ አሉ። ሳይወዷቸው መቅረት አይቻልም፤ ያ ነው ያናደደኝ። ጤናዬን ጠየቁኝ፣ ስለ ሚስቴ እግዚአብሔር ያጥናህ አሉኝ። ከዚያ የአባቴን ስም ጠየቁ፣ ቀጥሎም የአያቴን፣ እንዲህ እያሉ እስከ ሰባት ቤት ወረዱ። ስሞቹን ሳልቀይር ነገርኳቸው፤ ዝምድና አለመኖሩን አጣሩ።

«አባትህ ምን ይሠሩ ነበር፣ ልጄ?»

የልጁ አባት አየኝ። የልጁ እናት የወረቀት መሐረብ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ልጁ ራሱ ቀልቷል። ሁሉም ሲያዩኝ ልጄ ብቻ አላየችኝም፤ ጣቶቿን ነበር የምታየው።

«ገበሬ ነበሩ፣ እማማ።»

«ተባረክ! አላልኩም?» አሉ አሮጊቷ ለልጃቸው። «ዘር ከልጓም ይስባል። የአራሽ ልጅ መሆኑን ከፊቱ አውቄዋለሁ። ምን ምን ያርሱ ነበር?»

«ጤፍ» አልኩ። «ባቄላም። ከዳገቱ ሥር ሰፊ ማሳ ነበራቸው። ወንዙ ዳር ደግሞ ለበሬዎቻቸው ግጦሽ የሚተውት ነበር።»

ማንም ያን ያህል ንገረን አላለኝም። አባቴ ዕድሜ ልኩን ያላገኘውን መሬት በአንድ ጠዋት ሰጠሁት፣ በሬም ጨመርኩለት። ልጄ በጠረጴዛው ሥር እጄን ፈልጋ ያዘችኝ።

አሮጊቷ ልመርቃችሁ አሉና ሁላችንም ተነስተን ቆምን። ትዳራቸውን የአብርሃምና የሣራ ያድርገው፣ አሜን። ውለዱ፣ ክበዱ፣ አሜን። ጎጇችሁ ይሙቅ፣ አሜን። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ስልካቸው ዘረጉ።

«ከቡዳ ዓይን ይሰውራችሁ።»

በአገሬ ቀጥቃጭን የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። አባቴ ሲያልፍ ከኋላው የሚወረወረው ቃል ይህ ነበር። ለልጄ ሁሉን ስነግራት ይህችን ቃል አፌ እምቢ ብሎኝ ትቻት ነበር። የልጁ አባት አንገቱን ደፋ። እናትየዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልጄ ግን ቃሏን አታውቃትም፤ የምታውቀው ምርቃት በአሜን እንደሚቀበሉት ነው። አሮጊቷ ደስ እንዲላቸው ፈገግ ብላ፣ እንዳስተማርኳት ጮክ አድርጋ፣ አሜን አለች።

አሮጊቷ የኔን ጠበቁ።

«አሜን» አልኩ።