ከግድግዳ የሚወጣ ውኃ

ልጅ ሳለሁ አዳማ ውስጥ ውኃ የሚመጣልን ከሩቅ፣ በአህያ ተጭኖ ነበርና አንዲት ኩባያ መድፋት እንኳ ያስቆጣ ነበር። ማታ ማታ ታዲያ ጎረቤታችን አባ ሰይድ፣ ወደ ባሕር ጠረፍ ግመል ሲነዱ ያረጁ የወሎ ሰው፣ ከግድግዳ ስለሚፈልቅ ውኃ ያወሩልን ነበር። ያኔ የኩበቱ ፍም እየደበዘዘ፣ የኩራዙ ጢስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ታደሰ ጉልበታችንን አቅፈን እንሰማቸዋለን።

«ፈረንጆቹ ጂኒውን በብረት አንጀት ውስጥ አስረውታል» ይሉ ነበር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጆሮውን ሲጠመዝዙት ውኃ ይተፋላቸዋል። ባዳ የነካው እንደሆነ ግን ቤቱን ካላሰመጠ አይለቅም።»

«አባ፣ እርስዎ ነክተውት ያውቃሉ?» አልኳቸው አንድ ምሽት።

«ወላሂ፣ በአጠገቡም አላለፍሁ!»

ባቡር ጣቢያ ይሠራ የነበረው አባቴ ወደ ጅቡቲ ተዛውሮ ነበርና፣ ጣሊያን ከመግባቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛንም አስመጣን። በተሰጠን ቤት ግድግዳ ላይ እውነትም የናስ ጆሮ ያለው ብረት ብቅ ብሎ ነበር። እናቴም የአባ ሰይድን ወሬ ሰምታ ነበርና የዚያኑ ዕለት በጨርቅ ሸፈነችው። አባቴ ቢስቅባትም ልትነካው እሺ አላለችም፤ ስለዚህ እሱ ራሱ እንስራውን እየሞላልን ወደ ሥራው ይሄድ ጀመር።

አንድ ቀን አባቴ ከባቡሩ ጋር ድሬዳዋ እንደሄደ ታደሰ በትኩሳት ወደቀ። የጅቡቲ ሙቀት እንኳን በሽተኛውን ጤነኛውንም ያነድዳል፤ እንስራው ከቀትር በፊት ተሟጠጠ። እናቴ የጎረቤት በር ብታንኳኳ የሚከፍትላት አጣች። ታደሰ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ «ውኃ፣ ውኃ» ይላል። እሷ ወደ ብረቱ ትጠጋለች፣ መልሳ ትሸሻለች። ደጋግማ ታማትባለች። እናቴ የምትፈራው ነገር መኖሩን ያየሁት ያኔ ነው፤ እሱን ማየቴ ከጂኒው የባሰ አስፈራኝ።

በመጨረሻ «በስመ አብ» ብላ ጨርቁን ገፈፈችና የናሱን ጆሮ ጠመዘዘችው። ብረቱ እንደታነቀ ሰው አጓራ፤ ቀጥሎም ደም የመሰለ ቀይ ውኃ ተፋ። እኔ ቀሚሷን ይዤ ጮኽሁ። እሷ ግን ውኃው እስኪጠራ ጠብቃ በኩባያ ቀዳችና ታደሰን ቀና አድርጋ አጠጣችው።

ልትዘጋው ስትል ግን እምቢ አላት። ወዴት እንደሚዞር ማን ነግሯት! ባጠበቀችው መጠን እየባሰበት ሄደ፤ ወለሉ በውኃ ተሸፈነ።

«አልጋው ላይ ውጪ! ወንድምሽን ያዢው!»

እሷ ግን አልወጣችም። በእኛና በብረቱ መካከል በባዶ እግሯ ውኃው ውስጥ ቆማ፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ «ልጆቼን ተዋቸው! እኔን ውሰድ፣ እኔን!» ትለው ነበር።

ከገበያ ስትመለስ ጩኸታችንን የሰማችው ጎረቤታችን ፋጡማ፣ አማርኛ የምታውቅ የሐረር ሴት፣ ሮጣ ገባች። የብረቱን ጆሮ በሁለት ጣቷ ወደ ሌላው ጎን ብታዞረው ጸጥ አለ። ሳቅ አምልጧት ነበር፤ የእናቴን ፊት ስታይ ግን ዋጠችው።

«አይዞሽ እህቴ» አለቻት። «ውኃው ተቋርጦ ሲመጣ እንዲህ ያጓራል። ቀዩም ዝገት ነው።» ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ወለሉን አብራን አደረቀች።

ታደሰ ዳነ። አባቴ ታሪኩን ለባልደረቦቹ እያወራ ሲስቅበት ኖረ፤ ውሎ አድሮ እናቴም ራሷ ትስቅ ጀመር። እኔ ግን ዛሬም፣ ከእሷ ሞት በኋላ እንኳ፣ አያስቀኝም። ግድግዳው ውስጥ ማንም እንዳልነበረ እኔ አሁን አውቃለሁ። እናቴ ያኔ አላወቀችም። አለ ብላ አምና ነው ፊቱ የቆመችው።