እርጥብ እንጨትና የሰርግ ወጥ

የጎረቤታችን ልጅ ሰርግ ለዳግማ ትንሣኤ ተቆርጦ፣ በዋዜማው የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ወጥ ልንሠራ ግቢያቸው ተሰበሰብን። ሌሊቱን ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ዶፉን ሲያወርደው አድሮ ነበር። አጥሩ ጥግ የተከመረውን ባሕር ዛፍ የሸፈነው ሰው አልነበረም።

ትልልቆቹ ብረት ድስቶች ጉልቻ ላይ ተጥደዋል፤ ከሥራቸው ግን ያለው ጭስ ብቻ ነው። የእንጨቱ ጫፍ አረፋ እየደፈቀ ይንሿሿል። ሽንኩርት የምትከትፈውም የማትከትፈውም እኩል ታለቅሳለች። የሙሽራዋ አባት በበሩ ብቅ ሲሉ ሁላችንም ዓይናችንን እንጠርጋለን።

"ምነው? ማን ሞተ?" አሉ ደንግጠው።

ሳቃችን ከሳላችን ጋር ተቀላቀለ። እናትየው ግን አልሳቁም። ላምባ አስመጥተው አርከፈከፉበት፤ ቦግ አለና ወዲያው ጠፋ።

ይሄኔ ባለቤቴን ደውዬ ጠራሁት። እዚሁ ቃሊቲ፣ ፋብሪካ ውስጥ እንፋሎት በሚያመነጨው ቦይለር ላይ ነው የሚሠራው፤ ቤታችን ግን ሻይ እንኳ አፍልቶ አያውቅም። መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ።

"እትዬ፣ እሳቱን እኮ አፈናችሁት። አየር የሚገባበት የለውም።"

"እንጨት ስንጨምርለት ነው ያረፈድነው!"

"እሱ ነው ያፈነው። ደግሞ እርጥብ ነው። ሙቀቱን ሁሉ መጀመሪያ ውሃው ይወስደዋል፤ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ እንጨቱ አይነድም።"

"ወጤ ቀርቶ እንጨቱ እየበሰለ ነው በለኛ!" አሉና በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ግማሹን እንጨት ጎትቶ አወጣው። ደረቅ ነገር ሲጠይቅ አባትየው ጓዳ ገብተው የአሮጌ አልጋ ርብራብ ይዘው ወጡ። እሱን በመጥረቢያ አቅጥኖ ፈለጠና በመሐሉ ክፍተት እየተወ ደረደረው። ቀጭን እንጨት ቶሎ እሳት ይይዛል አለን። እርጥቡን በእሳቱ ዙሪያ እንዲደርቅ አቆመው። እሳቱ ሲንቦገቦግ ጭሱ ሳሳ።

"ጭሱ የት ሄደ?" አልኩት።

"ነደደ። ጭስ ማለት ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው፤ ሙቀትና አየር ሲያገኝ እሱም ይነዳል።"

ከዚያ በኋላ ወደ ቤት ልሂድ ቢል ማን ይለቀዋል? ሽርጥ አሸረጥነውና "የእሳት አለቃ" ብለን ሾምነው። እሱም ሹመቱን ከልቡ ተቀብሎ፣ አንዷ እንጨት ልትጨምር እጇን ስትዘረጋ "ቆይ! ይተንፍስ!" እያለ ሲቆጣ ዋለ።

ወጡ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። በማግስቱ ሙሽሮቹ ገብተው ጭፈራው ሲደራ፣ እናትየው እንግዳውን ሁሉ አልፈው መጡና ባለቤቴን እጁን ይዘው ወደ መሐል አስገቡት። እስክስታ አይችልም። ቢሆንም ሲጨፍር አመሸ።