በነጭ ወረቀት የሸፈንኩት አንቀጽ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ አበበች አንድ ቁልፍ፣ አንድ ማኅተምና አንድ መዝገብ ሰጡኝ። ቤተ መጻሕፍቱ ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ ባለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ ቀድሞ የተሰበረ ወንበር ይከማችበት ነበር።

"ዘሐራ፣ ልጆች መጽሐፍ ቢቀድዱብሽ አልቆጣም፤ ይጠገናል" አሉኝ። "ሳታስቢበት ፈርመሽ ያስገባሽው ግን አይጠገንም።"

ቢስሚላህ ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩ። ከወረኢሉ ከመጣሁ ገና ወር አልሞላኝም፤ በዚህ ከተማ ቢከፋኝ የማርፍበት የዘመድ ቤት አልነበረኝም። መንገዱ ከተበላሸ ወዲህ ደግሞ አገሬን የማውቃት በስልክ ብቻ ነው።

አሠራራችን እንዲህ ነው። የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህሩ የሚያስተምረውን ርዕስ ጽፎ ይሰጠኛል። እኔ መጽሐፍ መደብሮችን ዞሬ ናሙና አመጣለሁ። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ አነባለሁ። መጀመሪያ ቃላቱ ለክፍሉ ልጆች ይከብዱ እንደሆነ አያለሁ፤ ቀጥሎ ሥዕሉን አያለሁ፤ በመጨረሻ ድምፄን አውጥቼ አነባለሁ፤ ዓይን የዘለለውን ጆሮ ይይዘዋልና። ከዚያ የመምረጫ ቅጹን ሞልቼ እፈርማለሁ፣ መምህሩ ይፈርማል፣ ርዕሰ መምህርቷ ያጸድቃሉ። ማኅተም ይመታበታል፣ ቁጥር ይለጠፍበታል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል።

የእንስሳት መጽሐፍ አስፈርቶኝ አያውቅም። ታሪክ ግን ያስፈራኛል። አንድ ክፍል ውስጥ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ለአንዱ ጀግና የሆነው ለሌላው ዘራፊ ነው። አንድ ጊዜ አንድ አባት ልጁ የተዋሰውን መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ወርውሮ፣ "ይህን የመረጠው ማነው?" አለኝ። ያናደደው አንድ ካርታ ነበር። ስሜን ነገርኩት። "አንቺስ ከየት ነሽ?" አለ። ለሁለት ሳምንት ከሥራ ስወጣ ወደ ኋላዬ እያየሁ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህሩ መምህር አስፋው በዚህ ይቀልዱብኝ ነበር። "ዘሐራ የታሪክ መጽሐፍ የምትገልጠው እንደ ሶላቷ ታጥባ፣ ውዱ አድርጋ ነው" ይላሉ በሻይ ሰዓት። ሰው ይስቃል። እውነታቸውን ነው፤ አደርግ ነበር።

እሳቸው ናቸው ለአራተኛ ክፍል "ድሮ በአካባቢያችን ሰዎች ምን ይሠሩ ነበር" የሚል ርዕስ ያመጡት። ብዙ ፈልጌ አንዲት ስስ ባለ ሥዕል መጽሐፍ አገኘሁ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉባት፣ ሸማኔ አለባት፣ ጭቃ የምታቦካ ሸክላ ሠሪ አለችባት። ሥዕሉ ያምራል። ድምፄን አውጥቼ ሳነብ ግን ከሸክላ ሠሪዋ ሥር ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። "እነዚህን ሰዎች ሕዝቡ ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ብሎ ይፈራቸው ነበር፤ አብሯቸውም አይበላም ነበር" ይላል። ከዚያ አራት ነጥብ። ውሸት ነበር የሚል ቃል የለም። ገጹን ገልጦ ወደ ሸማኔው ያልፋል።

"መምህር፣ ይህን አላስገባም" አልኳቸው።

"እና ምን ይዤ ላስተምር? ለልጅ የሚሆን እንዲህ ያለ ሥዕል ሌላ ቦታ አይተሻል?"

አላየሁም ነበር።

"ካስፈራሽ ገጹን ቅደጂዋ!"

"ከጀርባው ሸማኔው አለ።"

"እንግዲያው ለጥፊበት። ወረቀትና ኮላ ጠፋ?"

ለጠፍኩበት። ነጭ ወረቀት በማስመሪያ ለክቼ ቆረጥኩ፤ በስድስቱም ቅጂዎች አንቀጹ ላይ አጣበቅሁ፤ ጠርዙ እንዳይነሣ በጨርቅ ተጫንኩት። ባዶ እንዳይመስል ብዬ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱን ማኅተም መታሁበት። ቅጹ ላይ በአስተያየት ቦታ "ተስተካክሏል" ብዬ ጻፍኩ። ወይዘሮ አበበች እኔን አምነው ሳይጠይቁ ፈረሙ።

አራተኛ ክፍል ውስጥ መሠረት የምትባል ልጅ ነበረች። በሳምንት ሁለት መጽሐፍ ትጨርሳለች። እናቷ ከእንጦጦ ግርጌ ጀበናና ድስት ሠርተው ይሸጣሉ። ይህን አውቅ ነበር፤ መሠረት የመለሰችው መጽሐፍ ጥጉ ላይ ሁልጊዜ ቀጭን የጭቃ አሻራ አይጠፋበትም።

መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ በወጣ በሦስተኛው ቀን ልጆቹ መስኮቱ ጋ ተሰብስበው አየሁ። መጽሐፉን ወደ ፀሐይ አንሥተው በወረቀቱ ውስጥ አሳልፈው ያነቡ ነበር። አንዲቷ ጣቷን በምራቋ እያራሰች ጠርዙን ትልጣለች። ቀምቼ ስድስቱንም ሰበሰብኩ፤ አራቱ ተልጠዋል። ከመጽሐፉ ሁሉ ልቅም አድርገው ያነበቡት ያንን አንቀጽ ነው።

መሠረት መጥታ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች።

"ቲቸር፣ ይሄ ለምን ተሸፈነ?"

"ማተሚያ ቤቱ ተሳስቶ ነው" አልኳት።

ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ዋሸሁ። ልጅቷ የቤተ መጻሕፍቱን ማኅተም አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ "እሺ" ብላ ወጣች።

በምሳ ሰዓት ከመስኮቴ ሥር አንዲት ልጅ ስትጮህ ሰማሁ። "ምሳ ዕቃዬን እንዳታይው! ሆዴን ታሳምሚኛለሽ!" ሌሎቹ ሳቁ። በማግሥቱ መሠረት አልመጣችም። በማግሥቱም ማግሥት አልመጣችም።

በሩ በተከፈተ ቁጥር እናቷ የመጡ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር። ከዚያ ደግሞ ባይመጡስ እላለሁ። ልጅቷ እንደ ወጣች ብትቀርስ? መምህር አስፋው ግን አልተጨነቁም።

"ዝም በይ። ልጆች ናቸው፣ በሳምንት ይረሱታል። ካላነሣሽው ማን ያነሣዋል? ካነሣሽው ደግሞ ፊርማው ያንቺ ነው።"

"የእርስዎም አለበት።"

"የኔ ለሥዕሉ ነው" ብለው ሳቁ።

ያን ቀን ዙህርን፣ የቀትሩን ሶላት ሰግጄ ከምንጣፌ ሳልነሣ የአገሬ ቤት ትዝ አለኝ። ምጣድ ልትሸጥ የምትመጣ ሸክላ ሠሪ ነበረች። እናቴ ውሃ የምትሰጣት ከበሩ ጀርባ ለብቻው በተሰቀለ ቅል ነው። ሴትዮዋ ቀና ብላ ካየችኝ የእናቴ ቀሚስ ውስጥ እገባለሁ። ያን አንቀጽ መጽሐፍ አላስተማረኝም፤ ይዤው ነው ያደግሁት። የሸፈንኩት ለመሠረት አዝኜ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሰኞ ልጆቹ እንደተለቀቁ ወደ እነ መሠረት ቤት ወጣሁ። መንገዱ ዳገት ነው፤ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሲወርዱ ጥግ ይዤ አሳልፋቸዋለሁ፤ በቆምኩ ቁጥር ልመለስ ይሆን እላለሁ። ግቢው ውስጥ ገና እሳት ያልገቡ ጀበናዎች ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። የመሠረት እናት ወይዘሮ ዘነበች እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነበር።

"እንዴት ዋሉ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?"

"ከትምህርት ቤቱ ነኝ፣ ከቤተ መጻሕፍት። ዘሐራ እባላለሁ።"

"አሃ! ለጣፊዋ ነሻ።"

መሬቱን እያየሁ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ መዋሸቴንም ጭምር። ጭቃውን ማሸታቸውን አላቆሙም።

"ቡዳ መባሉን ነፍስ ሳላውቅ ጀምሮ ነው የሰማሁት" አሉ። "ለልጄም አንድ ቀን ልነግራት ነበር፤ ትንሽ ትደግ እያልኩ ነው። እሷ ምን ብላ እንደጠየቀችኝ ታውቂያለሽ? 'እንጨት ተሸካሚዎቹ አልተሸፈኑም፣ ሸማኔው አልተሸፈነም፤ እኛ ለምን ተሸፈንን?' አለችኝ። መልስ ካለሽ ንገሪያት፤ እዚያ አለችልሽ።"

መሠረት በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ወይዘሮ ዘነበች እጃቸውን ታጠቡና የሽንብራ ንፍሮ በሸክላ ሳህን አቀረቡልኝ። "በይ ብይ" አሉኝ።

ሰኞና ሐሙስ ግዴታ ያልሆነውን የሱና ጾም እጾማለሁ። ጾመኛ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ እውነትም ነበርኩ። መሠረት ግን እጄን ታያለች። ወደዚያ ቤት የገባ ስንቱ ሰው "ጾም ላይ ነኝ"፣ "በልቼ ነው የመጣሁት" ብሎ ይሆን? የሱና ጾም ለጋባዥ ተብሎ ሊፈታ እንደሚችል ተምሬአለሁ። ቢስሚላህ ብዬ ጎረስኩ። ጉርሻውን ግን ደጋግሜ አላመጥኩት። የልጅነቴ ፍርሃት እዚያው ተቀምጦ ነበር። በግድ ዋጥኩት። ደግሜ ጎረስኩ።

"ምነው እንዲህ ታላምጪያለሽ? ጨው በዛበት?" አሉኝ ወይዘሮ ዘነበች። ከዚያ መለስ ብለው ሻሼን አዩና፣ "ዛሬ ሰኞ አይደል? ጎረቤቴ ፋጡማ ሰኞ ሰኞ ትጾማለች። አንቺስ?"

"ጾሜ ነበር።"

ሳህኑን ወደ እኔ አስጠጉት።

"መሠረት፣ ውሃ አምጪላት" አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ለወይዘሮ አበበች ሁሉንም ተናገርኩ። ቅጹን ከፋይል አወጡና ጣታቸውን አንድ ቃል ላይ አኖሩ።

"'ተስተካክሏል' ያልሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔም ሳልጠይቅሽ ፈረምኩ። ማስጠንቀቂያ እጽፍልሻለሁ፤ ለአስፋውም እጽፋለሁ።"

ጻፉ። ደብዳቤው ዛሬም ፋይሌ ውስጥ አለ።

የቀሩትን ወረቀቶች በእርጥብ ጨርቅ አንሥቼ ከገጹ ሥር አዲስ ጽሑፍ ጨመርኩ፤ "ይህ ውሸት ነበር። በዚህ ውሸት ብዙ ሰው ተጎድቷል።" ሐሙስ መምህር አስፋው አንቀጹንም ጭማሪውንም ለክፍሉ ድምፃቸውን አውጥተው አነበቡ። መሠረት መጥታ ነበር፤ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እኔ ኋላ ቆሜ ነበር።

"ታዲያ የዋሸው ማነው?" አለች 'ምሳ ዕቃዬን እንዳታይው' ያለችው ልጅ።

መምህር አስፋው ወደ እኔ ዞሩ።

"እኛ ነን" አልኩ። "ትልልቆቹ። እኔም አለሁበት።"

መሠረት ዞራ አላየችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከትምህርት ቤት አልቀረችም። መጽሐፍም ትዋሳለች፤ የጭቃው አሻራ ተመልሷል። ብቻ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የወሰደችው የእንስሳት መጽሐፍ ነው። ወደ ታሪክ መደርደሪያው አልሄደችም፤ እኔም ሂጂ አላልኳት።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩት የምለው አጭር ነው። የሚያስፈራችሁን ገጽ አትሸፍኑ። ወይ መጽሐፉን አታስገቡት፣ ወይ ከልጆቹ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡት። እኔ ታሪክ ሲመጣ አሁንም እፈራለሁ። ኮላውን ግን የማወጣው ለተቀደደ ገጽ ብቻ ነው።